ከአንድ ሳህን አራት መርከቦች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከመጀመሬ በፊት

ዕቅዱ ቀላል ነው። አንድ ሳህን፣ ማለትም የመርከቧን ክብ የፊት ክፍል፣ እቀርጻለሁ። ሻጋታ አወጣለትና በሬዚን (ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ) አባዛዋለሁ። ከዚያ ከዚሁ ሳህንና ከአንድ ዓይነት ሞተር አራት የጠፈር መርከቦች እገጣጥማለሁ። ሦስቱ ስታር ትሬክ ከተባለው የጠፈር ድራማና ፊልም ዓለም የታወቁ ናቸው፦ የታደሰችው ኮንስቲትዩሽን ክላስ፣ ሚራንዳ ክላስና ሶዩዝ ክላስ። ክላስ ማለት በአንድ ንድፍ የተሠሩ መርከቦች ወገን ነው። አራተኛዋን ራሴ እነድፋታለሁ።

ለምን አራት? አንዲት መርከብ ብቻዋን ስትቆም ቆንጆ ናት ወይም አይደለችም፤ ከዚያ በላይ ብዙ አትነግረንም። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ጥያቄው ይመጣል። ምኑ ቀረ? ምኑ ተለወጠ? ለምን? እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። መልሱን ከሥዕል ብቻ ማግኘት አልፈልግም፤ በእጄ ገጣጥሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ለማያውቃት ሰው ዋናዋን መርከብ ላስተዋውቅ። ተከታታይ ድራማው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀምር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኮንስቲትዩሽን ክላስ የሆነችውን ኢንተርፕራይዝን የነደፋት ማት ጄፈሪስ ነው። ከፊት ጠፍጣፋ ክብ ሳህን አላት። ከሳህኑ ሥር ቀጭን አንገት ይወርድና ረዘም ካለ ድብልብል አካል ጋር ይገናኛል። ከዚያ አካል ሁለት ክንዶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ረጃጅሞቹ የሞተር ቱቦዎች ተቀምጠዋል። ናሴል ይባላሉ። ጄፈሪስ ሞተሮቹን ከሰው ያራቃቸው እንዲህ ያለ ኃይል አጠገቡ ለሚኖር ሰው አደገኛ ነው ብሎ ነው። የውጭ ቆዳዋን ለስላሳ ያደረገው ደግሞ ጥገናው ከውስጥ መሆን አለበት ብሎ ስላሰበ ነው።

ቤተሰቡን የወለደው ይህ ውሳኔ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ አካል ተሰጥቶታል። አንገቱን ብታነሱት ሳህኑ ሳህን ሆኖ ይቀራል። ናሴሉን ወደ ታች ብታወርዱትም አሁንም ናሴል ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ቆዳ የተጠቀለለባት መርከብ ብትሆን ኖሮ እህት ማውጣት አይቻልም ነበር።

እሑድ፣ ልኬትና ሥዕል

ልኬቱን 1 ለ1000 አደረግኩት። የእውነቷ መርከብ አንድ ሜትር በሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊሜትር ነው። ሒሳብ የለም። የ1966ቷ ኢንተርፕራይዝ 289 ሜትር ርዝመት አላት፤ በ1979 ለሲኒማ የታደሰችው 305 ሜትር ትሆናለች። የምሠራት የታደሰችዋን ስለሆነ ጠረጴዛዬ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ናት። ሳህኗ ወደ 142 ሚሊሜትር ይሰፋል።

እህትማማቾችን ለማወዳደር አንድ ልኬት የግድ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣቸው የሞዴል ኪቶች በተለያየ ልኬት ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሳጥን ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከዚያው ዓለም ሌሎቹን ብንወስድ ኤክሴልሲየር ክላስ 467 ሜትር፣ ጋላክሲ ክላስ 642 ሜትር ናት። ሁሉንም በአንድ የመደርደሪያ መጠን ካቆማችኋቸው ግዙፏም ትንሿም እኩል ትመስላለች። ያኔ የመስኮቱም የበሩም መጠን ትርጉም ያጣል።

የሦስቱን የላይ እይታ በስስ ወረቀት ላይ አውጥቼ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩት። ከፊት ያለው ቅስት አንድ ላይ ገጠመ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከመሐል ወደ ኋላ ነው። የኮንስቲትዩሽን ሳህን ክብነቱን ይዞ ይዘልቃል። የሚራንዳ ግን ከኋላ ወደ ሰፊና ወፍራም ሳጥን ይለወጣል። የሶዩዝ ሳጥን ደግሞ የበለጠ ይረዝማል። ስለዚህ የማባዛው ሳህኑንና ናሴሉን ብቻ ነው። ኋላውን ለእያንዳንዷ ለየብቻ እሠራለሁ።

ማክሰኞ ማታ፣ ዋናው ሳህን

ሳህኑን ከስታይሪን ሉህ ነው የምቀርጸው። ስታይሪን ጠንካራ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ በከተር ይቆረጣል፣ በፈሳሽ ማጣበቂያ ቀልጦ ይዋሃዳል። ክቦቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ቆርጬ እንደ ደረጃ ደረብኳቸው። መሐላቸውን በቀዳዳ አልፎ የሚያስራቸው አንድ ረጅም ቡሎን አለ። በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስቱኮ ሞላሁት።

ቡሎኑ የገባው በምክንያት ነው። ስቱኮው ሲደርቅ የቡሎኑን ጫፍ በትራፓኖ ያዝኩት። ትራፓኖው በቀስታ ሲያሽከረክረው የብርጭቆ ወረቀት አስጠጋሁበት። የሳህኑን የጎን መስመር በቆርቆሮ ቆርጬ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱን እያስደገፍኩ እስኪገጥም ድረስ ፋቅኩት። በእጅ ብቻ የተፋቀ ሳህን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ይላል። የሚሽከረከር ግን ክብ ከመሆን ውጪ አማራጭ የለውም። ሻካራው ወረቀት 240 ነበር፤ ከዚያ 400፣ ማለስለሻው 800።

ለጠርዙ ብዙ ጊዜ ሰጠሁት። የዚህ ሳህን መልክ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ላይኛው ገጽ ወደ መሐል በቀስታ ይነሳል፤ ታችኛው ገጽ ጎድጎድ ብሎ ይገባል። ጠርዙ ራሱ ሁለት ረድፍ መስኮት የሚይዝ ቀጭን ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ በአንድ ሚሊሜትር ቢወፍር ሳህኑ ይከብዳል፤ መብረር ያቅተዋል የሚያሰኝ መልክ ይይዛል። ቢቀጥን ደግሞ ሰው የማይኖርበት ስስ ነገር ይሆናል። የመርከቧ መጠን የሚነበበው ከዚህ ነው። ዓይን የፎቆቹን ቁጥር ሳያውቅ ይቆጥራል።

ግራጫ ፕራይመር እስፕሬይ አደረግኩበት። ፕራይመር ሲያርፍ ስቱኮው የደበቀው ጭረት ሁሉ ይወጣል። እንደገና መሙላት፣ እንደገና መፋቅ። የብሪጁን (የማዘዣ ክፍሉን) ጉብታና የታችኛውን የሴንሰር ጉልላት ለብቻ ሠርቼ ሰካኋቸው።

ሐሙስ፣ ሻጋታ

ሻጋታው በሁለት ግማሽ የሚወጣ ነው። ከፕላስቲክ ሉህ ሳጥን ሠራሁ። ሳህኑን እስከ ጠርዙ ድረስ በሸክላ ቀበርኩት። ሸክላው ድኝ የሌለበት መሆን አለበት፤ ድኝ ያለበት ከሆነ አንዳንዱ ሲሊኮን ንክኪው ላይ አይደርቅም፣ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ጀርባ ጎድጎድ አደረግኩት፤ ሁለቱ ግማሾች በኋላ ሳይንሸራተቱ የሚገጥሙት በእነዚህ ጉድጓዶች ነው።

ሲሊኮኑን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ክር አቅጥኜ፣ ከሳጥኑ አንድ ጥግ ላይ ብቻ አፈሰስኩት። ሲቀጥን አየሩ በመንገድ ይፈነዳል። ከአንድ ጥግ ሲነሳ ደግሞ ሳህኑን እየሸፈነ አየሩን እየገፋ ይሄዳል። ካደረ በኋላ ገልብጬ ሸክላውን አነሳሁ። ፊቱን በሙሉ ስስ ቫዝሊን ቀብቼ ሁለተኛውን ግማሽ አፈሰስኩ። ቫዝሊኑ ከሌለ ሁለቱ ሲሊኮኖች አንድ ይሆኑና ሳህኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ ሬዚን

ሬዚኑ ከሁለት ጠርሙስ እኩል ተለክቶ የሚቀላቀል ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይሞቅና ይጠነክራል። የወፈረው ቦታ የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠም ይሰበሰባል። ስለዚህ መሐሉን ሙሉ በሙሉ ጠጣር አላደረግኩትም፤ ክፍት ቦታ የሚተው ትንሽ መሰኪያ አስገባሁበት። ክብደቱንም ይቀንሳል።

ስሱ ጠርዝ ላይ አየር እንዳይታሰር ሻጋታውን በታልክ ዱቄት አቧራ አስነስቼ ትርፉን አራገፍኩ። ዱቄቱ ሬዚኑን ወደ ጠባቡ ቦታ ይስበዋል። ለውጥ አለው፤ ጠርዙ ሙሉ ሆኖ ነው የወጣው። መስኮት መክፈትና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው፤ በተለይ የደረቀ ሬዚን ሲፋቅ ብናኙ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

አራት ሳህን ተደርድሯል። አራቱም አንድ ናቸው። ናሴሎቹም በዚሁ ዘዴ እየወጡ ነው።

ሰኞ፣ አንደኛዋ፦ የታደሰችው ኮንስቲትዩሽን

መለኪያዋ እሷ ናት። ሌሎቹ ሁሉ ከእሷ ጋር ነው የሚመዘኑት።

አስቸጋሪው አንገቷ ነው። ቀጭን ነው፤ ከላይ ደግሞ የሬዚን ሳህን ተሸክሟል። የነሐስ ዘንግ ከሳህኑ በአንገቱ በኩል እስከ ታችኛው አካል አሳለፍኩ። የናሴሎቹ ክንዶችም ውስጣቸው ነሐስ አለ። ማጣበቂያ ብቻውን እንዲህ ያለ ጭነት ለዓመታት አይሸከምም፤ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ናሴሎቹ ትይዩ እንዲሆኑ ከካርቶን የመያዣ ቅርጽ ቆርጬ፣ እስኪደርቁ በእሱ ውስጥ አቆምኳቸው። አንደኛው በትንሽ ዲግሪ ቢያፈነግጥ ከፊት ሲታይ ወዲያው ያስጠላል።

ተገጣጥማ ስትቆም ያስተዋልኩት አለ። የዚህች መርከብ ውበት ክፍተቶቿ ውስጥ ነው። በሳህኑና በታችኛው አካል መካከል ያለው አየር፣ በሁለቱ ናሴሎች መካከል ያለው አየር። ይህ ክፍተት «ተጓዥ ናት» ይላል። ለጦርነት ብቻ የምትሠራ መርከብ እንዲህ አንገቷን አትሰጥም።

ረቡዕ፣ ሁለተኛዋ፦ ሚራንዳ

በ1982 ለወጣው ፊልም ሁለተኛ መርከብ አስፈለገች። የአንድ ጦር መርከቦች፣ እርስ በርስ የሚዋጉ። ነዳፊዎቹ ጆ ጄኒንግስና ማይክ ማይነር ነበሩ። ፈተናው ግልጽ ነው፦ ተመልካቹ ሁለቱም ከአንድ ወገን መሆናቸውን ማመን አለበት፤ በውጊያው መሐል ግን በአንድ ቅጽበት ማን ማን እንደሆነች መለየት አለበት። መልሳቸው ሪላያንት ሆነች፤ የመጀመሪያዋ የታየች ሚራንዳ። ሳህኑ ቀረ። የናሴሉ ዓይነት ቀረ። አንገትና ታችኛው አካል ጠፉ። ናሴሎቹ ከታች ተንጠለጠሉ። ከላይ መሣሪያ የተሸከመ ቅስት ተተከለ።

ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። በመጀመሪያው ሥዕል ናሴሎቹ ከላይ ነበሩ ይባላል። ፕሮዲውሰሩ ሃርቭ ቤኔት ሥዕሉን ገልብጦ አይቶ በዚያው ፈረመበት፤ መርከቧም እንደተፈረመባት ተሠራች። ውጤቱ ግን የዕድል አይመስልም። ናሴል ወደ ታች ሲወርድ መርከቧ ትጎብጣለች። ለመዝለል የተዘጋጀች ትመስላለች። ከፊት ደግሞ የሚታይ የዲፍሌክተር ዲሽ የላትም፤ ኮንስቲትዩሽን ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ክብ ነገር ማለት ነው። ዓይን የሌለው ፊት ይሆናል። ያስፈራል።

ግንባታው ላይ ልመለስ። የኋላውን ሳጥን ከስታይሪን ሠርቼ ከሳህኑ ጋር አዋሃድኩት። መጋጠሚያውን በስቱኮ ለመሸፈን ሰፊ ቦታ ነበር። ሁለቱ የሀንጋር በሮች ከኋላ ግራና ቀኝ ናቸው።

ቅስቱ ደስ የሚል ሥራ ነበር። አንድ ወፍራም ፕላስቲክ ብታጎብጡት ወይ ይሰበራል ወይ ተመልሶ ይቃናል። ስለዚህ ስስ ቁራጮችን በእንጨት ቅርጽ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ እያጣበቅኩ ጠቀለልኳቸው። ማጣበቂያው ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ቀረ። መሐሉ ላይ የቶርፔዶ ሳጥኑን አስቀመጥኩ።

ቅስቱን ግን አላጣበቅኩትም። በትናንሽ ማግኔቶች ነው የቆመው። ምክንያቱም ይህ ክላስ ያለ ቅስትም ታይቷል። በ1989 በተላለፈ የቴሌቪዥን ክፍል ላንትሪ የተባለችው መርከብ ያው የሪላያንት ሞዴል ቅስቱ ተነስቶለት ነው። ቅስቱን አንስቼ አየኋት። ሌላ ሰው ሆነች! ያው ሳህን፣ ያው ናሴል፤ ግን የጦር መርከቧ ወደ ጭነት ተሸካሚ ተለወጠች። አንድ ክፍል ብቻ ነው የተነሳው። የመርከቧ ሥራ የተጻፈው እዚያ ክፍል ላይ ነበር ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሦስተኛዋ፦ ሶዩዝ

በ1992 ቦዝማን በተባለች መርከብ የታየችው ሶዩዝ ክላስ ከሚራንዳ የምትለየው በጥቂት ነገር ነው። የኋላው ሳጥን ረዝሟል፤ ቅስቱ የለም፤ ተጨማሪ ጉልላቶችና መሣሪያዎች ተተክለውባታል። በሞዴል ሥራ ቀላሏ እሷ ናት። አንድ ከሰዓት በቃት።

ግን ጥያቄዋ ከባድ ነው። ከፊት ሲያዩዋት ሚራንዳ ናት። ታዲያ ለምን የራሷ ክላስ ሆነች?

መልሱን ያገኘሁት ከእውነተኛ ባሕር ኃይል ነው። አሜሪካኖች ከ1975 ጀምሮ ስፕሩዋንስ ክላስ የሚባሉ 31 ዲስትሮየሮችን አገልግሎት ላይ አዋሉ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ 27 ቲኮንዴሮጋ ክላስ መርከቦች መጡ። ሁለቱ የተሠሩት በአንድ የቀፎ ንድፍ ላይ ነው። አራት ኤልኤም 2500 የጋዝ ተርባይኖች ሁለቱንም ያንቀሳቅሳሉ። የተለወጠው ከላይ ያለው ነው፤ ቲኮንዴሮጋ ኤጂስ የተባለውን የመከላከያ ሥርዓት ራዳሮች መሸከም ስላለባት ከላይ ትልልቅ ሣጥኖች ተሠሩላት። መጀመሪያ ዲስትሮየር ነበር የተባለችው፤ በ1980 ክሩዘር ተብላ ተመደበች። ቀፎው ያው ነው፤ ሥራው ግን ተቀይሯል፤ ስሙም አብሮ ተቀየረ።

ከዚህ በኋላ ሶዩዝን በሌላ ዓይን አየኋት። የሚራንዳ ቅስት ተነቃይ ነው፤ ቢነሳም ባይነሳም መርከቧ ያችው ናት። የሶዩዝ ሳጥን ግን ቀፎው ራሱ ነው። ቦታው ሰፍቷል፤ ውስጥ ያለው ሕይወት ተለውጧል። ይህ በቡሎን የሚፈታ ለውጥ አይደለም። ስለዚህ የራሴን መስመር አሰመርኩ፦ ወደብ ላይ ቆሞ የሚነቀልና የሚተከል ከሆነ የአንድ ክላስ ልዩነት ነው። ቀፎውን ቆርጦ እንደገና መሥራት የሚጠይቅ ከሆነ ግን አዲስ ክላስ ነው።

ይህን መስመር በኔቡላ ክላስም ሞከርኩት። በ1987 አንድሪው ፕሮበርት የነደፋት ጋላክሲ ክላስ በ1991 ኔቡላ የምትባል እህት አገኘች። መንገዱ የሚራንዳ መንገድ ነው፦ አንገት ጠፋ፣ ታችኛው አካል ወደ ሳህኑ ተጠጋ፣ ናሴሎቹ ወረዱ፣ ከላይ ተጨማሪ ክፍል ተተከለ። በዚያው ዓመት ያ ተጨማሪ ክፍል በሁለት ቅርጽ ታየ። ፊኒክስ ላይ ሞላላ ነው፣ ሰዘርላንድ ላይ ሦስት ማዕዘን። ሁለቱም ኔቡላ ናቸው። መስመሩ ሠራ።

የማይሠራበት ቦታም አለ። በ1994ቱ ፊልም ላይ ያለችው ኢንተርፕራይዝ ቢ የኤክሴልሲየር ክላስ ናት፤ ግን ታችኛው አካሏ ግራና ቀኝ አብጧል። ያ እብጠት የተጨመረው በታሪኩ ውስጥ መርከቧ ስትመታ ዋናውን ሞዴል ሳይጎዱ የጉዳቱን ቦታ ማሳየት እንዲቻል ነው። በእኔ መስመር አዲስ ክላስ ልትባል ይገባ ነበር። ለእብጠቱ ግን በመርከቧ ዓለም ውስጥ የተሰጠ ሥራ የለም፤ ምክንያቱ ስቱዲዮው ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ይመስለኛል ስመለከታት ዓይኔ ያ ቦታ ላይ የሚሰናከለው። ቢል ጆርጅ በ1984 ያወጣት የመጀመሪያዋ ኤክሴልሲየር ላይ እንዲህ ያለ ትርፍ ነገር አይታየኝም።

እሑድ፣ አራተኛዋ

የራሴን መርከብ ከመንደፌ በፊት ሥራዋን መወሰን ነበረብኝ። መልኳን ሳይሆን ሥራዋን። ነፍስ አድን ትሁን አልኩ። ሌሎች መርከቦች ሲሰበሩ ደርሳ ሰዎቹን የምታወጣ። ስሟን ደራሽ አልኳት፤ ክላሱም ደራሽ ክላስ ይባላል።

ሥራው ራሱ ንድፉን ይመራል። የተሰበረች መርከብ ላይ ከላይ ሆና መጠጋት አለባት። ስለዚህ ሆዷ ነጻ መሆን አለበት። ሆዷ ነጻ ከሆነ ናሴሎቹ ታች ሊሆኑ አይችሉም። ወደ ላይ ይወጣሉ። በሆዷ ሰፊ በር ያስፈልጋታል፤ የማዳኛ ጀልባዎችን በብዛት የምትውጥበት። የተሰበረችውንም የምትይዝበት ነገር ያስፈልጋታል። የሚራንዳን ቅስት ወደ ታች አዞርኩት። መሣሪያ የተሸከመው ክፍል መያዣ እጅ ሆነ።

ለስታር ትሬክ ፈጣሪ ለጂን ሮደንቤሪ የሚሰጡ የንድፍ ሕጎች አሉ፦ ናሴሎች ጥንድ ይሁኑ፤ እርስ በርስ ይተያዩ፤ ከፊት ሁለቱም ይታዩ፤ ብሪጁ የሳህኑ አናት መሐል ላይ ይሁን። ፍራንዝ ጆሴፍ በ1975 ባሳተመው የስታር ትሬክ መርከቦች የቴክኒክ መመሪያ ላይ ባለ አንድ ናሴል መርከብ ነበረች፤ ባለ ሦስትም ነበረች። እኔ ሕጎቹን ማክበር መረጥኩ። ገደብ ሲኖር እህትነቱ ይጠነክራል። ከገደብ ውጪ የወጣች መርከብ ቆንጆ ልትሆን ትችላለች፤ ዘመድ መሆኗን ግን ማስረዳት ይኖርባታል።

ያልተጣበቁትን ክፍሎች በስቱኮ ቁራጭ አያይዤ በመብራት ፊት አቆምኳት። ግድግዳው ላይ ጥላዋን አየሁ። እዚህ ላይ ነው የንድፉ ከባድ ችግር የመጣው። ናሴል ላይ፣ ቅስት ታች። የተገለበጠች ሚራንዳ ናት! ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም። የተሰበረች መርከብ ውስጥ ያለ ሰው በመስኮት ሲያያት ሚራንዳ ተገልብጣ መጣች ሊል ይችላል። አዳኝና የጦር መርከብ መምታታት የለባቸውም።

ሦስት ነገር ለወጥኩ። ናሴሎቹን ከሳህኑ ስፋት አልፈው እንዲታዩ ወደ ውጭ አሰፋኋቸው፤ ክንዶቹም ረዘሙ። ቅስቱን መሐሉ ላይ ቆርጬ ወደ ታች የተከፈቱ ሁለት ጥፍሮች አደረግኩት፤ ከዚያ በኋላ ቅስት መሆኑ ቀረ። የኋላውን ሳጥን ደግሞ ከሳህኑ ሥር አወፈርኩት፤ ሰው የሚጫንባት መርከብ መሆኗ ከሆዷ ውፍረት መነበብ አለበት። እንደገና በመብራት ፊት። አሁን ጥላው የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው። ሳህኑ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አራቱንም በተራ በዚያው መብራት ፊት አቆምኳቸው። ከጎን ሲታዩ አራቱም ይለያያሉ። ከላይ ሲታዩ ግን ከመሐል ወደ ፊት ያለው አንድ ነው። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ዝምድናው ከፊት ባለው ቅስት ይነበባል፤ ሥራው ከኋላና ከጎን ባለው መስመር። የፊቱን ቅስት ነክቼ ቢሆን ኖሮ ናሴሉን ምንም ያህል ባመሳስለው ዘመድ አትሆንም ነበር። ከወረቀት ቆርጬ ሞከርኩት። የሳህኑን ፊት ሾጠጥ አድርጌ ናሴሎቹን እንዳሉ ተውኳቸው። የሌላ ዘመን መርከብ ሆነች።

በነገራችን ላይ ከተለመደ ዕቃ መርከብ ማውጣት የቆየ ባህል ነው። የሞዴል ሠሪዎች ኪትባሽ ይሉታል፤ የተለያዩ ኪቶችን ቆራርጦ አዲስ ነገር መግጠም። በ1990 ለተላለፈ አንድ ክፍል የተሰባበረ የጦር መርከብ መንጋ ሲያስፈልግ የአንዷ መርከብ ናሴሎች የተሠሩት ከሃይላይተር ነው። የተማሪ ሃይላይተር! በጨለማና በጭስ ውስጥ ለአፍታ ሲታይ ማን ያውቃል። ይህን ሳስብ ይበልጥ እወዳቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ቀለምና ቁጥር

የ1979ኟ ኢንተርፕራይዝ እንደ ዕንቁ በሚያብረቀርቅ ቀለም ነበር የተቀባችው፤ እያንዳንዱ ሉህ በተለያየ አቅጣጫ ብርሃን ይሰጣል። ለፊልም ቀረጻ ግን ነጸብራቁ አስቸጋሪ ሆነና በኋላ እንዲደበዝዝ ተደረገ። እኔም ደብዛዛውን መርጫለሁ። መሠረቱ ፈዛዛ ግራጫ ነው። በላዩ ላይ ሉሆቹን በሦስት የተጠጋጉ ግራጫዎች ለየኋቸው። ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ሲጠጉት ቆዳው ይከፋፈላል። ልዩነቱን ማጋነን መርከቧን አሻንጉሊት ያደርጋታል።

ደራሽ በጥፍሮቿና በሆዷ በር ዙሪያ ብርቱካናማ መስመር አላት። የባሕር ነፍስ አድን ጀልባዎች ብርቱካናማ የሚሆኑት ከሩቅ እንዲታዩ ነው፤ እዚህም ያው ምክንያት ይሠራል። ከዚያ ውጪ ቀለሟ የእህቶቿ ነው።

ቁጥር ቀረ። ጄፈሪስ የኢንተርፕራይዝን ቁጥር 1701ን ሲመርጥ 3፣ 6፣ 8 እና 9ን አስወግዷል፤ ከሩቅ ሲነበቡ ይምታታሉ ብሎ። በ1967 ደግሞ ለአንድ ክፍል ኮንስቴሌሽን የተባለች የተጎዳች እህት መርከብ ስታስፈልግ ከሱቅ የሚገዛ የኢንተርፕራይዝ ኪት ተጠቀሙ። ተለጣፊዎቹ 1701 ብቻ ስለነበሩ አሃዞቹን አዘዋውረው 1017 አደረጓት። ኮንስቴሌሽን ያገኘችው ቁጥር ይህ ነው። ለደራሽ 2174 ሰጠኋት፤ የጄፈሪስን ሕግ የጠበቀ ነው። ተለጣፊውን ውኃ ውስጥ አርሼ፣ በብሩሽ አንሸራትቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። በላዩ ላይ ደብዛዛ ቫርኒሽ ሲነፋበት የተለጣፊው ጠርዝ ጠፋ፤ ቆዳው ላይ የተጻፈ ይመስላል።

ሻጋታው እስካሁን አልተቀደደም። ጠርዙ ላይ ትንሽ መድከም ይታይበታል፤ ቢሆንም ጥቂት ሳህን ይሰጠኛል ብዬ አስባለሁ። ቀጥላ የምትመጣው በ1987 ስታርጌዘር ሆና የታየችው ኮንስቴሌሽን ክላስ ናት፤ ባለ አራት ናሴሏ። አራት ናሴል የሚሸከም ኋላ ከስታይሪን ብቻ ይቆማል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ የነሐሱን አጽም ዛሬ ማታ መሳል እጀምራለሁ።